የእርሳስ መስታወት

ጥቅምት 3

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታው ይቆይ፤ መጀመሪያ የሠራሽብኝን ልንገርሽ። ለጥናትሽ ብለሽ ደሜን ከክንዴ የቀዳሽው አንቺ ነሽ። ውጤቱን ከማንም በፊት ለእኔ እንደምትነግሪኝ አጠገቤ ቆመሽ ቃል ገባሽ። ከዚያ ለእናትሽ ጻፍሽ። እናትሽም ምሳ ላይ፣ ሰባት ሰው በተቀመጠበት፣ መነጽሯን አድርጋ «የአጎቴ ህዋሶች ተበላሽተዋል» የሚለውን ጮክ ብላ አነበበችው። ወተት ይበላሻል። ሥጋ ይበላሻል። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው በቤተ ዘመድ ፊት ተበላሸ አይባልም።

አሁን ሰላምታው። እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና አይደለህም የሚሉኝ ግን በዝተዋል። ባልዲ ላነሣ ስል ከእጄ ይቀሙኛል። ጎረቤታችን ሰፊው ልብሴን ሲለካ ትንፋሹን ይይዛል፤ እንደሚጋባበት አድርጎ። እናትሽ ደም ግፊቷን ልትለካ ክሊኒኩ ሄዳ ለሐኪሙም ነገረችው። ሐኪሙ በማግስቱ ጠርቶኝ «ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ» ብሎ የራጅ ክፍሉን ቁልፍ ተቀበለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በኪሴ የኖረ ቁልፍ ነው። ኪሱ የቁልፉን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን እየሄድኩ ተተኪዬን እንደማሠለጥን ታውቂያለሽ። ይህን ሙያ ማንም አላስተማረኝም። ከአንድ መጽሐፍ ነው የተማርኩት። የምስክር ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ባጄ ነው። ደረት ላይ የሚደረገው፣ ሰው የጠጣውን ጨረር የሚለካው ባጅ። በየሦስት ወሩ ይላካል፣ ውጤቱ በወረቀት ይመለሳል። ወረቀቶቹን በሙሉ ጠርዤ አስቀምጫለሁ፤ ሁሉም ንጹህ ናቸው።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪልኝ፤ «ይህ ሰው ምንም የለበትም» የሚል። ስልክ አትደውዪ። በስልክ የተባለ ነገር ምስክር የለውም።

አጎትሽ


ጥቅምት 26

ለተከበሩት አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ቁጣዎን ግን ትንሽ ያሳጥርልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ልክ ነዎት። ለእማዬ አራት ገጽ ጻፍኩላት፤ ስለ ኪራይ ቤቴ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አለቃዬ ውሻ። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ስለ እርስዎ ጨመርኩ። እማዬ ደግሞ ከአራት ገጽ ውስጥ አንዲቷን ክፉ መስመር ለይታ የማንበብ ስጦታ አላት። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

ቃሉም ጥሩ አልነበረም። ላስረዳዎ። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ጥንድ ክር አለ። ኬሚካል ሲደርስበት አብዛኛውን ጊዜ ይለጠፍበታል፣ ወይም ሁለቱን ክሮች ያጣብቃቸዋል። ራጅ ግን ሁለቱንም በአንድ ቦታ ሊበጥሳቸው ይችላል። ክሩ ሲበጠስ ህዋሱ ወዲያው ያውቃል። በመጀመሪያ የሚያደርገው እርስዎ ታማሚ ሁሉ ላይ የሚጮኹትን ነው፤ አትንቀሳቀስ፣ አትተንፍስ። መከፋፈሉን ትቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ጠጋኞች ይመጣሉ። ጊዜ ካገኙ ትክክለኛውን ቅጂ ከጎን ካለው እህት ክር ላይ እያዩ ይሞሉታል። ጊዜ ካጡ ጫፍና ጫፉን ያጋጥማሉ፤ አንዳንዴም የአንዱን ጫፍ ከሌላው ጋር በስሕተት ይቀጥሉታል። ጉዳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ህዋሱ ራሱን ያጠፋል፤ ስሕተቱን ለልጆቹ ላለማውረስ።

እኔ የምሠራው ክሮቹን ቀለም መቀባት ነው። አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በማይክሮስኮፕ ቁጭ ብዬ፣ አረንጓዴ ቁራጭ የተቀጠለበትን ቀይ ክር እየፈለግሁ እቆጥራለሁ። በእርስዎ ዕድሜ ያለ፣ ሲጋራ ያላጨሰ ሰው በሺህ ህዋስ ስምንት ያህል ይገኝበታል። የእርስዎ ሃያ ሦስት ነው። ይህ በሽታ አይደለም። የተጠገነ ቁስል ነው፤ ጠባሳ።

ግን «ምንም የለበትም» ብዬ መጻፍ አልችልም። ደምዎ አንድ ነገር ይላል፣ ወረቀቶችዎ ሌላ። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ባጁን የት ያደርጉት ነበር? ደግሞስ፣ ራጁን ሲያነሡ ከኋላው ቆመው የሚያዩበት መስኮት መስታወቱ የእርሳስ ነው?

በልጅነቴ «ለምን» ብለው የሰየሙኝ፣
ለምን


ኅዳር 20

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፈጣሪ ከብርዱ ይጠብቅሽ፤ ካልሲ ደርቢ።

ህዋስ ራሱን ያጠፋል ብለሻል። በእኔ ሰውነት ውስጥ እኔ ሳልፈቅድ ማንም ራሱን አያጠፋም ብዬ ደብዳቤሽን መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። በማግስቱ አውጥቼ አነበብኩት። ከዚያ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ሄጄ ስለ ህዋስ የሚያትት፣ ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ አገኘሁ። ሻጩ «ጋሽ አትተንፍሱ፣ አሁን ደግሞ ሐኪም ሊሆኑ ነው?» አለኝ። ይህን ቅጽል ስም ያወጡልኝ ታማሚዎች ናቸው፤ ለምጄዋለሁ። መጽሐፉ አንቺ ያልሽውን ሁሉ ይላል። ልክ መሆንሽን አልካድኩም። ልክ መሆንሽ ግን የእኔን ጉዳይ አይመለከትም።

እናትሽ መሳለቂያ አድርጋኛለች።

«ህዋሶችህ እንዴት አደሩ?» አለችኝ ትናንት።

«ሥራ ላይ ናቸው» አልኳት።

«እነሱ እንኳ ይሠራሉ፤ አንተ ቁልፍ ተቀምተህ ቤት ተጎልተሃል።»

«ማን አስቀማኝ?»

«እኔ ያነበብኩት የተጻፈውን ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ አይደለህ?»

እውነቷን ነው። ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ።

መስኮቱ የእርሳስ መስታወት ነው ወይ ብለሻል። ነው። የመጀመሪያው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አልጋ ሲገፋ ተመትቶ ተሰነጠቀ። የዚያን ጊዜው የክሊኒኩ ባለቤት ሌላ ለማስመጣት ጊዜ የለኝም አለ። እኔ መጽሐፌን ገለጥኩ። ገጽ አርባ አንድ፣ «የመመልከቻው መስታወት የእርሳስ ይሁን» ይላል። የተሰነጠቀውን ባየው እውነትም ከታች በስተቀኝ በእርሳስ የተሰመረ መስመር አለበት። ከመስታወት ቆራጩ ዘንድ በከተማው ያለውን ወፍራሙን አስቆርጬ፣ በራሴ እጅ ገጠምኩት። መስመሩንም በማስመሪያ ለክቼ እንደ ፊተኛው አሰመርኩበት። እስከ ዛሬ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትወለውል ስለምታደበዝዘው በየወሩ እደግመዋለሁ። ስለዚህ በመስኮቱ በኩል አትስጊ።

ስለ ባጁ ደግሞ፣ ወረቀቶቹ ንጹህ ናቸው ብያለሁ።

ማኅተሙን አሁንም እጠብቃለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 29

አጎቴ፣

ሰላምታዬን ሳላደርስ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ በአራት ቀን በሚደርሰው መልእክት ልኬዋለሁ።

እርሳስ ሁለት ነው። አንዱ የሚጻፍበት ነው። ሌላው ብረቱ ነው፤ ያ ትከሻ የሚያጎብጠው፣ እርስዎ «ድቡ» የሚሉት ሽርጥ ውስጥ ያለው ከባድ ብረት። ጨረር የሚያቆመው እሱ ነው። የእርሳስ መስታወት ማለት ያ ብረት ሲሠራ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የቀለጠበት ነው። በፊተኛው ላይ ያዩት መስመር የቆረጠው ሰው የልክ ምልክት ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ የገጠሙት የቤት መስኮት መስታወት ነው። ራጁ ያልፈዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያልፈው ኖሯል።

መጽሐፉን ማንም ሳያስተምርዎ ብቻዎን ነው ያነበቡት። እኔም ብቻዬን ባነብ የምረዳው እንዲሁ ነበር።

አሁን ግን ከመስታወቱ ኋላ የምትቆመው ተተኪዎ ናት። የሁለት ልጆች እናት እንደሆነች ነግረውኛል። የእሷስ ባጅ ንጹህ ነው? ንጹህ ከሆነ ለምን ንጹህ ሆነ?

እኔን አይመኑኝ፤ የራስዎን ፊልም ይመኑ። ለሐኪሙ ልደውልለት እችላለሁ። ከእርስዎ ቀድሜ ግን ለሌላ ሰው አልናገርም፤ ያንን አንዴ አድርጌዋለሁ። እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።

ለምን


ጥር 5

ለተከበሩት አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሰኞ ጠዋት ደውዬ ነበር። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለዎ? «አጎትሽ ዓርብ መጥተው የራጅ ክፍሉ በር ላይ አግዳሚ አስደግፈው ተቀመጡ። ማንም አይገባም አሉ። ምክንያቱን ነግረውኛል፤ የቀረውን ራሳቸው ይጻፉልሽ ብያለሁ።» ይኸው አራት ሳምንት ሆነ፣ አልጻፉልኝም።

እማዬ «ከሰው አይነጋገርም፣ በየቀኑ ክሊኒክ ይሄዳል፣ ያልታመመ ሰው ምን እንደሚሠራ እግዜር ይወቅ» ትለኛለች። መቆጣት ከፈለጉ ይቆጡኝ። ዝምታዎ ግን ከቁጣዎ ይከብደኛል።

ለምን


ጥር 22

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዘገየሁ። ያዘገየኝ ፖስታ አይደለም።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ከሰዓት ደረሰኝ። ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። ዓርብ ማለዳ ተተኪዬ ሳትገባ ደርሼ የታማሚዎቹን አግዳሚ ጎትቼ በሩ ላይ አደረግሁ። ሐኪሙ መጣ።

«ምን ሆነዋል ጋሼ?»

«ክፍሉ ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«እኔ።»

«ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው።»

«ለዚህ ነው የተቀመጥኩት።»

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ። በሩን ከፈተልኝ። ከመስኮቱ በስተኋላ፣ እኔ ሁልጊዜ በምቆምበት ቦታ፣ ፊልም ያለበት ካሴት አቆምኩ፤ በላዩ ላይ መቀስ በፕላስተር ለጠፍኩ። ማሽኑን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሁላችንም ከክፍሉ ወጥተን፣ ከደህናው ግድግዳ ጀርባ ሆነን አነሣሁት። ፊልሙን ራሴ አጠብኩ። ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ መብራቱ አነሣሁት። ጥቁር ነው። በጥቁሩ መሐል መቀሱ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ መሐል ላይ ያለችው ብሎን እንኳ ትለያለች። በሕይወቴ ካነሣኋቸው ሁሉ እንዲህ የጠራ የለም።

ተተኪዬ ትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች።

«ስንት ጊዜ ነው እዚያ የቆምኩት?» አለች።

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር።»

«ባጄ ግን ንጹህ ነው።»

አሁን የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኝ ሁለት ጊዜ ዘለልኩት።

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመት ባጄ የጨረር ምልክት ይዞ ተመለሰ። የፊተኛው ባለቤት ወረቀቱን አሳየኝና «ሁለተኛ እንዲህ ከመጣ የተማረ ሰው አስገባለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ ያልተማርኩ ነበርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባጁን ጸሐፊዋ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ባለው ምስማር ላይ እሰቅለው ጀመር። ለሠላሳ ሦስት ዓመት ባጄ የለካው የጸሐፊዋን ክፍል ነው። የጸሐፊዋ ክፍል ንጹህ ነው፤ በዚህ የሚጠራጠር የለም። ተተኪዬ ስትመጣም «ባጅሽን እዚያ ስቀዪ፣ ኪስ ውስጥ ይጠፋል» አልኳት። እንዲህ ስል ደግሞ እውነት ይመስለኝ ነበር። ሰው አንድ ውሸት ብዙ ዓመት ከሰቀለው ቤቱ ዕቃ ይሆንለታል።

ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ፊልሙን ከእጄ ወስዳ እንደገና ወደ መብራቱ አነሣችው።

«በሉ እንግዲህ፣ ጸሐፊዋ ደህና መሆኗን በማወቄ ደስ ብሎኛል» አለችና ወጣች። ሁለት ሳምንት አላነጋገረችኝም። መብቷ ነው።

ሐኪሙ ክፍሉን ዘግቶ እውነተኛውን መስታወት አዘዘ፤ ታማሚዎች ወደ ሌላ ክሊኒክ ይላካሉ። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ መንገዱን አሳያቸዋለሁ። የባጅ ወረቀቶቼን ጥራዝ ወስጄ የፊቱ ገጽ ላይ በራሴ እጅ «ይህ የጸሐፊዋ ክፍል ልኬት ነው» ብዬ ጽፌ ፈርሜ ለሐኪሙ ሰጠሁት። ወሰደው። መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት፤ ደግ አደረገ።

ማኅተሙን ተዪው። የማልፈልገውን ነገር አትላኪልኝ። በምትኩ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ቁጥሩን እንዳለ መዝገብሽ ላይ ጻፊ፤ ሃያ ሦስት። ሁለተኛ፣ የተተኪዬን ደም ቁጠሪላት። የሐኪሙ ወንድም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ ከተማ ይበርራል፣ በቀዝቃዛ ሣጥን ይይዘዋል። ውጤቱን ለእሷ ንገሪ። ለእሷ ብቻ። ለእኔም ቢሆን እሷ ከፈቀደች ነው።

ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ የራሴ ሃያ ሦስት አይደለም።

አጎትሽ


የካቲት 17

ለተከበሩት አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ይህን የምጽፈው በተተኪዎ ፈቃድ ነው። «ለጋሼ ቶሎ ጻፊላቸው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳያቸው ያበሽቁኛል» ብላለች።

ደሟ በደህና ደረሰ። አዲስ ጉዳት የሚፈለገው በሌላ መንገድ ነው። ጤነኛው ክሮሞዞም፣ ያ ክር ተጠቅልሎ የሚሆነው፣ አንድ ቦታ ላይ ቀጠን ይላል፣ ወገብ እንዳለው። ጨረር በጥሶት ተሳስቶ ሲገጣጠም ግን ሁለት ወገብ ያለው ይወጣል። በሺህ ህዋሶች ውስጥ አንድ አገኘሁ። እንደገና ሌላ ሺህ ቆጠርኩ፤ ባልደረባዬም የእኔን ቁጥር ሳልነግራት ቆጠረች። አሁንም አንድ። ይህን ያህሉ ራጅ ክፍል ገብቶ በማያውቅ ሰው ላይም ይገኛል። ሁለት ዓመት አጭር ነው፤ ድቡንም ሁልጊዜ ትለብስ ነበር፣ እርስዎ አስገድደዋት። ይህንንም ንገሪያቸው ያለችው እሷ ናት።

እርስዎ ደግሞ በየስድስት ወሩ የደም ቆጠራ ያድርጉ። ሐኪሙ የሚያደርገው ተራ ምርመራ ነው። ሃያ ሦስቱ ከእርስዎ ጋር ለብዙ ዓመት የኖሩ ናቸው፤ ድንገት የመጡ እንግዶች አይደሉም። ዐይኔን ጨፍኜ አይዞዎት አልልም፤ ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይገባዎታል። ባልዲ ግን ያንሡ። ለእማዬ ጽፌላታለሁ። ከእርስዎ በኋላ እንዲደርሳት ሁለት ቀን ዘግይቼ ነው የማስገባው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ደብዳቤ ለእማዬ ከመጻፌ በፊት ለእርስዎ መጻፍ ነበረብኝ። ቃሌን በላሁ። ይቅር ይሉኛል?

ለምን


መጋቢት 9

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይብዛልሽ። ፈጣሪ ዐይንሽን ይጠብቅልሽ፤ የምትኖሪው በሱ ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ተተኪዬ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ያወቀችው ቀድማ ነው፤ እኔ ሳነብ ፊቴን ለማየት ብቻ ነው የቆመችው። አንብቤ ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ «ያለቅሳሉ ብዬ ነበር» አለች። «ነፋስ ነው» አልኳት። ነፋስ አልነበረም። ያን ቀን ምሳዬን እስከ መጨረሻው በላሁ፤ እናትሽ ሳህኑን አይታ ምን ሰማህ አለችኝ። በሁለት ቀንሽ ትሰሚያለሽ አልኳት። ልትፈነዳ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደብዳቤዋን ካነበበች በኋላ ባልዲውን ሞልታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

መስታወቱ መጥቷል። አራት ሰው ነው የተሸከመው። ወደ ብርሃን ሲያዩት ወደ ቢጫ ይላል። ሐኪሙ ሲገጠም ጠርቶኝ «ቁልፉን ይውሰዱ» አለኝ። ለተተኪዬ ስጣት አልኩት። አሁን ጠዋት ጠዋት የምትከፍተው እሷ ናት፣ ባጇ ደረቷ ላይ ነው። እኔ ሰልፉን አስይዛለሁ፣ ትንፋሽ መያዝ የማይችሉትን ደጅ ላይ አለማምዳለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ «አትተንፍስ» እላለሁ፤ ይበቃኛል።

ሃያ ሦስቱንም አስቤባቸዋለሁ። ተበጥሰው፣ ቆመው፣ ተጠግነው፣ ትንሽ ተሳስተው ሥራቸውን የቀጠሉ ናቸው። ከእነሱ ጋር መኖር አይከብደኝም። በሚቀጥለው ስለ ኬሚካሎቹ የሚያስረዳ መጽሐፍ ላኪልኝ፤ ፊልም ማጠቢያው ሠላሳ ዓመት ጣቶቼን ሲሰነጥቅ ምን ያደርግ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። ያልገባኝ ቃል ካለ ከአሁን በኋላ እጠይቅሻለሁ። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው።

ይቅርታ ጠይቀሻል። እንዲህ ነው፤ አንቺ ልክ ነበርሽ፣ እኔ ተሳስቼ ነበር፣ የአንድ እናት ጤና በዚያ ተረፈ። ልክ መሆንሽ ግን የሠራሽውን አይሽረውም። ደሙ የእኔ ነበር፣ ቃሉ የአንቺ ነበር፣ የሰማው ሌላ ሰው ነበር። በደል ነው። በደል መሆኑን ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ጽፌዋለሁ። ይቅር ማለት ለእኔ አፌን መዝጋት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በደብዳቤም፣ በአፍም፣ በምሳ ገበታም ይህን ነገር አላነሣውም። አንቺም ብታነሺው አልመልስልሽም።

አጎትሽ